አፍሪካ፦ የዝናብ ቀበቶዎችና ዐረብኛ ስሞቻቸው

አፍሪካ በቆዳ ስፋት ከእስያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አህጉር ናት። 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ትሸፍናለች፤ ይህም ከዓለም የብስ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ተማሪዎች ይህን ቁጥር ቶሎ ይይዙት ነበር። በረሃው ለምን እዚያ፣ ደኑ ለምን እዚህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የአህጉሪቱን የተፈጥሮ ክልሎች የምናየው ከዚሁ ጥያቄ ተነስተን ነው። በካርታው ላይ ያሉት ስሞችም ያግዙናል፤ ብዙዎቹ ዐረብኛ ናቸውና።

የምድር ወገብ አፍሪካን መሃል ለመሃል ያቋርጣታል ማለት ይቻላል። በቱኒዚያ ያለው ሰሜናዊ ጫፏ ከወገቡ 37 ዲግሪ፣ ደቡባዊ ጫፏ ደግሞ 35 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ስለዚህ ከወገቡ ተነስተን ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ብንጓዝ የምናገኘው ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው፦ ደን፣ ሳር ምድር፣ ከፊል በረሃ፣ በረሃ፣ በመጨረሻም ዝናቡ በብርድ ወራት የሚጥልበት የባሕር ዳርቻ። ምክንያቱ አየሩ ነው። በወገቡ አካባቢ የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። የደረቀው አየር ርቆ ተጉዞ 30 ዲግሪ አካባቢ ወደ ምድር ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። ይህ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ወጥቶ ይመለሳል። የእኛ ክረምትም የዚሁ ጉዞ ክፍል ነው።

በመካከል ያለው የኮንጎ ተፋሰስ ነው። የኮንጎ ወንዝ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ሁልጊዜ በአንደኛው ወገን ዝናብ አለ፤ ውሃውም ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዋዥቅም። በውሃው ብዛት በዓለም ከአማዞን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ከደኑ በስተ ደቡብ ሳር ምድሩና የካላሃሪ ደረቅ ሜዳ ይከተላሉ። በምዕራቡ ጠረፍ ያለውን የናሚብ በረሃ ያባባሰው ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት ነው።

ከዚህ ሥርዓት የሚያፈነግጠው ምሥራቁ ነው። ሶማሊያና ሰሜን ኬንያ በወገቡ አካባቢ ሆነው ደረቅ ናቸው። አጠገባቸው ያለው የኢትዮጵያ ከፍታ ግን ደመናውን ይጠራል፤ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ወንዝ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከዚህ ይወርዳል። ነጭ ዓባይ በበኩሉ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሰፊ ረግረግ ተይዞ ከውሃው ግማሽ ያህሉ ወደ ትነት ይሄድበታል። የረግረጉ ስም «ሱድ» ሲሆን ከዐረብኛው «ሰድ» ማለትም ግድብ፣ መሰናክል የመጣ ነው። ምሥራቁን የሚሰነጥቀው ስምጥ ሸለቆ ከአፋር እስከ ሞዛምቢክ ይወርዳል። ቀይ ባሕርም የዚሁ ስንጥቅ አንዱ ክንድ ነው፤ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ይህንኑ ውሃ ነበር።

አሁን ወደ ሰሜን እንዙር። «ሰሕራእ» በዐረብኛ በረሃ ማለት ነው፤ «የሰሃራ በረሃ» ስንል «የበረሃ በረሃ» ማለታችን ነው። ስፋቱ 9 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቻችን አሸዋ ብቻ ይመስለናል እንጂ አሸዋው ሩብ ያህል ነው፤ የቀረው ድንጋይ፣ ጠጠርና ተራራ ነው። በቻድ የሚገኘው የቲቤስቲ ተራራ ከ3,400 ሜትር በላይ ይነሳል። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን የምድር ዛቢያና ምሕዋር አቀማመጥ የዝናቡን ቀበቶ ወደ ሰሜን ገፍቶት ስለነበር ሰሃራ ሣርና ሐይቅ ነበረው። በአልጄሪያው ታሲሊ ዋሻዎች ላይ የተሣሉት ከብቶችና ጉማሬዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከቻድ ሐይቅ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ደረቅ ሸለቆ እስከ ዛሬ «ባሕር አልገዛል» (የሚዳቋ ባሕር) ይባላል። ውሃው ሄዷል፣ ስሙ ግን ቀርቷል። ሸለቆው በሚያልቅበት በቦዴሌ ረባዳ ምድር፣ ከጥንቱ ሐይቅ ወለል የሚነሳው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ ለአማዞን ደን ፎስፈረስ ያደርሳል።

የቀድሞ ሙስሊም ነጋዴዎች በረሃውን እንደ ባሕር ይቆጥሩት ነበር። ኢብኑ በጡጣ በ1352 (እ.ኤ.አ) ከሲጂልማሳ ተነስቶ ሲያቋርጠው በመንገዱ ላይ ባገኛት በተጋዛ ቤቱም መስጂዱም ከጨው ድንጋይ እንደተሠራ ጽፏል። ከሲጂልማሳ ተነስቶ ወላታ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶበታል። ባሕሩ ካለ ዳርቻም አለ፤ «ሳሒል» ማለት ዳርቻ ነው። ሳሕል ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋ ጠባብ ቀበቶ ነው። በብዛት ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፤ እሱም በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ያበቃል። አርብቶ አደሩ ዝናቡን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ሲደርቅ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ቀበቶው በትንሹ ቢያፈገፍግ የሚራበው እሱ ነው። ከ1968 እስከ 1973፣ ዳግም በ1984 የሆነው ይኸው ነው፤ በእኛም ዘንድ ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ል. በድርቅ የተመታበት ዘመን ነበር።

በጊዜው ጥፋቱ በእረኛው ላይ ተለጠፈ፦ ከብት አብዝቶ ሣሩን ጨረሰ፣ በረሃውን ጠራ ተባለ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ዋናው ምክንያት የውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ መሆኑን አሳዩ። የዝናቡን ቀበቶ የገፋው ከሩቅ የመጣ ነገር ነበር። እረኛው እስካሁን ይቅርታ አልተጠየቀም።

የአፍሪካ ኅብረት በ2007 ከዳካር እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝም «ታላቁ አረንጓዴ ግንብ» የተባለ ዕቅድ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። እኛ ግን ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ከዚያ በፊት በኒጀር የተጀመረው ነው እንላለን። በማራዲና በዚንደር ገበሬዎች ችግኝ ሳይተክሉ፣ በእርሻቸው ውስጥ ከተቆረጠ ግንድ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ ማሳደግ ያዙ። ቀድሞ በሕጉ ዛፉ የመንግሥት ስለነበር ገበሬው የሚንከባከብበት ምክንያት አልነበረውም። የራሴ ነው ማለት ሲጀምር ዛፉ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ተመልሷል፤ ከሥሩም ማሽላና ዘንጋዳ ይዘራል።