የቤት ኮምፒዩተር ማሻሻያና የባለቤቱ ፈቃድ

የቤት ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያሰማው ስሞታ አያጣም። አንዱ «ሥራዬን አቋረጠብኝ»፥ ሌላው «ትናንት ደኅና የነበረውን ዛሬ አበላሸብኝ» ይላል። ስሞታው እንደ ተራ ወሬ ስለሚቆጠር ታሪክ ያለው አይመስልም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የነገሩን አመጣጥ በማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ላይ ተመልክቶ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊንዶውስ 98 በወጣ ጊዜ ማሻሻያ ማግኘት የባለቤቱ ፈንታ ነበር። በኢንተርኔት ገብቶ የቀረበለትን ያያል፤ የፈለገውን ይወስዳል፤ ያልፈለገውን ይተዋል። ይህ ነፃነት ግን ጉዳት እንዳለው በ2003 ታየ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ኩባንያው አንድ አደገኛ ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቶ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ፥ በነሐሴ፥ ብላስተር የተባለው ተዛማች ፕሮግራም በዚያው ክፍተት ገብቶ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን አወከ። መድኃኒቱ አስቀድሞ ተገኝቶ ሳለ በሽተኛው አልወሰደውም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ከባለቤቱ ወደ ኩባንያው አለፈ። ከጥቅምት 2003 ጀምሮ ማሻሻያዎች በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ እንዲወጡ ተወሰነ። በነሐሴ 2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ጥቅል ደግሞ ባለቤቱ ማሻሻያ በራሱ እንዲገባ ይፈቅድ ዘንድ አጥብቆ ይመክር ነበር። በሐምሌ 2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ምክሩ ወደ ግዴታ ተለወጠ፤ የቤት ተጠቃሚው የለመደው የእምቢታ ምርጫ ተነሣበት።

የዚህ ሥርዓት ፈተና የመጣው በጥቅምት 2018 ነው። በወሩ 2ኛ ቀን የወጣው 1809 የተባለው ማሻሻያ የአንዳንድ ሰዎችን ጽሑፎችና ፎቶግራፎች አጠፋ። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። የቀድሞው ማሻሻያ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ባዶና ድርብ ፎልደሮች ትቶ ስለ ነበር፥ አዲሱ እነርሱን እንዲጠርግ ተደረገ። ዳሩ ግን የዶክመንት ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውረው ፋይሎቻቸውን በቀድሞው ቦታ የተዉ ሰዎች ነበሩ። ጥራጊው የእነዚህን አሮጌ ፎልደር ከነይዘቱ ወሰደው። እንግዲህ ፋይሎቹን ያጠፋው የፊተኛውን ስሕተት ለማረም የተደረገው እርማት ነበር።

ኩባንያው በጥቂት ቀን ውስጥ ማሻሻያውን አገደ፤ አርሞም በኅዳር 13 ቀን እንደ ገና አወጣው። የጠፋባቸው ሰዎች ማሻሻያውን ከጫኑት ከ10,000 አንድ ያህል እንደ ሆኑም ገለጸ። ቊጥሩ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የልጆቹን ፎቶግራፍ ላጣ ሰው ከ10,000 አንድ መሆኑ መጽናኛ አይሆነውም። ከዚህም ሌላ፥ ማሻሻያው ሳይወጣ በፊት ከሞካሪዎች አንዳንዶቹ ፋይል መጥፋቱን አመልክተው ነበር፤ አቤቱታቸው ግን በብዙ አስተያየት መካከል ተሸሽጎ ቀረ። በኋላ ሞካሪው የችግሩን ክብደት ጭምር የሚያመለክትበት ቦታ ተጨመረ።

በግንቦት 2019 የወጣው 1903 የተባለው ማሻሻያ የቤት ተጠቃሚው እስከ 35 ቀን ድረስ ማሻሻያን እንዲያቆይ ፈቀደ። ከተወሰደው ፈቃድ ከፊሉ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በ2003 የደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ችላ በማለቱ ስለ ነበር ኩባንያው ሥልጣኑን የወሰደበት ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ፈቃድን የወሰደ ኀላፊነትንም አብሮ ይወስዳል። ሰው ራሱ መርጦ የገባበትን ጉዳት ይታገሣል፤ ሳይጠየቅ የደረሰበትን ግን አይረሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፥ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጠቅመውንም ማሻሻያ ይሸሻል፤ በመሸሹም ብላስተርን ለመሰለ አደጋ እንደ ገና ይጋለጣል። ስለዚህ የማይታመን ማሻሻያ ትልቁ ጉዳት የሚያጠፋው ፋይል ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው መድኃኒት እንዳይወሰድ ማድረጉ ነው።