«ባዶ» የተባለ መሬት፦ የላቪንግተን የሕዝብ አሰፋፈር ታሪክ

ከናይሮቢ መሐል በስተምዕራብ የሚገኘው ላቪንግተን ዛሬ የባለጸጎች መኖሪያ ሰፈር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግን ቡና የሚለማበት ገጠር ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ አካባቢው በአውሮፓውያን እጅ ሲገባ በእርግጥ ባለቤት አልነበረውምን? (ዘመናቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በዳጎሬቲ ዙሪያ የነበሩ የኪኩዩ ገበሬዎች መሬት የሚይዙት በዘር ሐረግ ነበር። ምባሪ የሚባለው የአንድ አባት ወገን ጊታካ በሚባለው ይዞታ ላይ መብት ነበረው፤ የአማርኛ አንባቢ ይህን ከርስት ጋር ቢያነጻጽረው ብዙ አይስትም። ከዘሩ የማይቆጠሩት አሆይ ደግሞ በባለይዞታው ፈቃድ ያርሱ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥርዓት መሬት ጦም ቢያድርም ባለቤት አያጣም።

ይህን ሥርዓት ክፉ ቀን ፈተነው። ከ1888 ጀምሮ ኢትዮጵያን ያራቆተው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ተዛምቶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኬንያን መታ። በ1898 እና በ1899 ደግሞ ድርቅ፣ ረኀብና ፈንጣጣ ተከታተሉ። በደቡባዊው የኪኩዩ ምድር ብዙ ሰው አለቀ፤ ከተረፈውም ብዙው ሰሜን ሙራንጋ ወዳሉት ዘመዶቹ ተሰደደ። የባቡር ሐዲዱ ናይሮቢ የደረሰው በዚያው በ1899 ነው። የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያንም በዚሁ ዓመት የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን በአካባቢው መሥርተው ቡና ተከሉ። ዝርያው እስከ ዛሬ «የፈረንሳይ ሚሲዮን» ይባላል፤ ጥንተ መገኛው የኢትዮጵያ ደን የሆነው ቡና ባሕር ዞሮ ወደ ጎረቤት አገር መግባቱ ነበር።

በ1902 የወጣው የዘውድ መሬት ድንጋጌ ሰው ያልሰፈረበትን መሬት ለአውሮፓውያን ለመስጠት በር ከፈተ። ስደተኞቹ ሲመለሱ ብዙዎቹ በአባቶቻቸው መሬት ላይ የቀን ሠራተኛና ጢሰኛ ሆኑ። በ1932 የተሠየመው የኬንያ የመሬት ኮሚሽን ፊት የኪኩዩ ሽማግሌዎች የትውልድ ሐረግ እየቆጠሩ ተከራከሩ። ጠያቂዎቹ የሚሹት ግን የሰፈራ ማስረጃ ነበር፤ አንዱ ወገን ዘር ሲቆጥር ሌላው ጎጆ ይቆጥር ነበር።

የናይሮቢ ሕዝብ በ1948 ቆጠራ 118,976 ሲሆን በ2019 ቆጠራ 4,397,073 ደርሷል። በ1963 የከተማው ወሰን ሰፍቶ ዳጎሬቲን ጠቀለለ። የቡናው ማሳ ለመኖሪያ ቤቶች ተሸነሸነ፤ አጠገቡ ያለው ካዋንግዋሬ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ሆነ። የኬንያ ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው በቆጠራው ሌሊት ባደረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከካዋንግዋሬ በእግሩ መጥቶ በላቪንግተን ግቢ ሲያጸዳና ሲጠብቅ የሚውለው ሠራተኛ በላቪንግተን ሕዝብ ውስጥ አይገባም።

የአንድ ቀበሌ የሕዝብ ታሪክ በዚያ ባደሩት ብቻ አይጻፍም። ቆጠራ የአንድ ሌሊት ምስክር ነው፤ የ1899 ዝምታም የአንድ ክፉ ዘመን ምስክር ነበር። ያንን ዝምታ እንደ ባዶነት መቁጠር ግን የሞተውንና የተሰደደውን ከመሬቱ ታሪክ መፋቅ ነው።