ጠላም ቀማሽ ይፈልጋል

ስኮትላንዶች «ዊ ሄቪ» የሚሉት ጠቆር፣ ወፈር ያለ ቢራ አላቸው። ቀማሾች በዋናነት የሚዳኙት በብቅሉ ነው። መካኒሳ ወይ ላፍቶ ጠላ ቤት ጎራ ካልክ ዘመዱን ታገኘዋለህ። ጥቁረቱ ከተቆላው እህል ነው፤ እነሱ ሆፕ በሚጨምሩበት እኛ ጌሾ እንጨምራለን።

ዳኝነቱም የራሱ ቃል አለው፦ ሳይጠል የቀረበው ጉሽ፣ ውሃ የበዛበት ቅራሪ። ጋኑ በወይራ ካልታጠነማ ለማጅ ጠጪ በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቃል።

ጊዮርጊስ ቢራ በ1922 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ግን ጠርሙሱ የዘመናዊ፣ ጠላው የድሃ ተባለ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም! ጠርሙስ ሁሌም አንድ ነው፤ ጠላ ግን የጠማቂዋን እጅ ያሳያል። አሁን ጋኑም በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም።