31 ዓመት ብቻ የሠራ ባቡር እና የተወልን መንገድ

በሰሜን ምሥራቅ ስፔን፣ አራጎንና ካታሎኒያ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ መኪና ዝር የማይልበት አንድ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ የወይን እና የወይራ ማሳ ነው። አልካኚስ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ሐይቅ አለ። ይህ መንገድ ተራራ ሲገጥመው ዳገቱን አይወጣም፤ ቀጥ ብሎ በዋሻ ይገባል። ገደል ሲገጥመው በረጅም ድልድይ ይሻገራል። ብስክሌት እየነዳችሁ እዚያ ብትደርሱ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ጥያቄ "ለብስክሌት ብሎ ይህን ሁሉ ተራራ የበሳው ማነው?" የሚል ይመስለኛል።

ለብስክሌት ብሎ የበሳው የለም። የተበሳው ለባቡር ነው። መስመሩ ቫል ደ ሳፋን ይባላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በስፔን ምድር የመጀመሪያው ባቡር በ1848 ከባርሴሎና ወደ ማታሮ ሄደ። በ1855 የባቡር ሕግ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ባቡር ያላማረው ከተማ አልነበረም። አራጎን ደግሞ ስንዴ፣ ዘይትና ወይን ጠጅ ነበራት፤ ያልነበራት ባሕር ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ላ ፑዌብላ ደ ኢሃር ከሚባለው ጣቢያ ተነስቶ፣ አልካኚስን አልፎ፣ ተራራውን ሰንጥቆ፣ የኤብሮ ወንዝ ሜዲትራኒያንን ወደሚገናኝበት አካባቢ፣ ወደ ሳን ካርለስ ደ ላ ራፒታ ወደብ መውረድ።

ጊዜውም አመቺ ይመስል ነበር። ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየበላች አደረቀችው። ፈረንሳዮች የሚጠጡት ሲያጡ የስፔን ወይን ጠጅ ገበያው ደራ። በሪዮሃ ግዛት፣ ሃሮ በምትባል ከተማ፣ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች መጋዘኖቻቸውን ባቡር ጣቢያው ሥር ሰብስበው የሠሩት ለዚህ ነው፤ በርሜሉ ከመጋዘን ወጥቶ በቀጥታ ፉርጎ ላይ ይጫናል። ችግሩ ነፍሳቷ ድንበር አታውቅም። በ1878 ስፔንም ገባች።

የእኛ መስመር በ1895 አልካኚስ ደረሰ፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ቆመ። ቀጣዩ ክፍል ተራራ ነው፤ ተራራ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ሥራው በ1920ዎቹ እንደገና ቢነሳም ሳያልቅ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሐምሌ 25 እስከ ኅዳር 16 ቀን 1938 የተካሄደው የኤብሮ ውጊያ በስፔን ጦርነት ውስጥ ረጅሙና እጅግ ደም ያፈሰሰው ነበር። የተካሄደውም እዚሁ ነው፤ ዛሬ ወይን በሚለቀምበት ቴራ አልታ በሚባለው ወረዳ፣ በጋንዴሳ ዙሪያ። የኮርቤራ መንደር አሮጌው ክፍል በዚያን ጊዜ እንደፈረሰ እስከ ዛሬ አለ፤ እንደገና አልተሠራም። የፍራንኮ ወገን ያላለቀውን ሃዲድ ለጦርነቱ ተጠቀመበት። ቦት ወደምትባለው መንደር ወታደርና ጥይት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሲመለስ ቁስለኛ ይጭናል። መስመሩን ወደፊት ለመግፋት ደግሞ የሪፐብሊኩን ምርኮኞች በግዴታ አሠሩ። ዋሻው ሁሉ በምርኮኛ ተቆፈረ ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ሥራ ከጦርነቱ በፊት የተጀመረ ነው። ግን ዛሬ በብስክሌት ሲታለፍ ደስ የሚለው ይህ መንገድ ከፊሉ የእስረኛ ጉልበት መሆኑን ሳናውቅ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

በ1942 ባቡሩ በመጨረሻ ቶርቶሳ ደረሰ። አልካኚስ ከደረሰ ከ47 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ወደቡ ላይ ግን አንድም ቀን አገልግሎት ሳይሰጥ ቀረ። የአካባቢው ሰው ባቡሩን "ሳርሜንቴሮ" እያለ ይጠራው ነበር፤ ስሙ የወጣው ሳርሚዬንቶ ከሚለው ቃል ነው፣ የወይን ሐረግ ቅርንጫፍ ማለት ነው። በወይን አገር የሚሄድ ባቡር ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም።

ታዲያ ለምን ሞተ? ከተማሪነቴ ጀምሮ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ አንድ ግንባታ ሲከሽፍ መጀመሪያ የምንወቅሰው ዲዛይኑን ነው። እዚህ ግን ዲዛይኑ ጥፋት አልነበረበትም። ባቡሩ በደረሰበት ጊዜ የጭነት መኪና ቀድሞታል። መኪና ከገበሬው ማሳ ድረስ ይሄዳል፤ ባቡር ግን ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞም ወደብ ያልደረሰ የወደብ መስመር ምን ይጭናል? በ1973 በፕራት ደ ኮምተ እና በፒኔል ደ ብራይ መካከል ያለ አንድ ዋሻ ተደረመሰ። ዋሻ ይጠገናል፤ ይህን ግን የጠገነው የለም። መደርመሱ ሰበብ ሆነና መስመሩ ተዘጋ። 31 ዓመት፣ በቃ።

ይህ መስመር ብቻ አይደለም። በ1993 የተጣሉ መስመሮች ሲቆጠሩ በመላው ስፔን ከ7,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኑ። በዚያው ዓመት የስፔን የባቡር ፋውንዴሽን ከመንግሥት ጋር ሆኖ እነዚህን መስመሮች ወደ እግረኛና ብስክሌት መንገድ የመቀየር ፕሮግራም ጀመረ፤ "ቪያ ቬርደ" አሉት፣ አረንጓዴ ጎዳና። ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሠርቷል።

በእኔ ግምት እዚህ ውስጥ ያለው ትልቁ ሀብት ድልድዩም ዋሻውም አይደለም፤ መሬቱ ነው። መንገድ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አዲስ መንገድ ለመቀየስ ከሁሉም የሚከብደው ከእያንዳንዱ ባለ ይዞታ ጋር መደራደርና ካሳ መክፈል ነው። የባቡር መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር ያልተቆረጠ የሕዝብ መሬት ነው። አንዴ ተቆራርሶ ቢሸጥ ኖሮ መልሶ መግጠም አይቻልም ነበር።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። ባቡር ብረት በብረት ላይ የሚንከባለል ስለሆነ ለመሄድ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ግን በዚያው ምክንያት ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዳገቱን 2 በመቶ አካባቢ ላይ ይገድቡታል፤ 100 ሜትር ሲሄዱ 2 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ተራራው የተበሳው ለዚህ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። እናንተና ብስክሌታችሁ 85 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 2 በመቶ ዳገት ወደ ኋላ የሚስባችሁ በ17 ኒውተን ያህል ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ለዳገቱ ብቻ ወደ 70 ዋት ያስፈልጋችኋል፤ ደህና ጤና ያለው ሰው እያወራ የሚያወጣው ጉልበት ነው። ዳገቱ 8 በመቶ ቢሆን 280 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወሬው ይቀራል። ለሎኮሞቲቭ ስንፍና ተብሎ የተደረገው ሁሉ ለብስክሌት ስጦታ ሆነ። ከአርኔስ ጣቢያ እስከ ቶርቶሳ 49 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአብዛኛው ቁልቁለት፣ ያውም ሳይታወቅ የሚወርድ።

መንገዱ በካታሎኒያ በኩል ብዙ ቦታ ተነጥፎለታል፤ በአራጎን በኩል ግን በአብዛኛው ጠጠር ነው። ጠጠር ሲባል ሃዲዱ ሥር የነበረው ድንጋይ አይምሰላችሁ። እሱ ሆን ተብሎ አንድ ዓይነት መጠን እንዲኖረውና ውሃ እንዲያሳልፍ የተመረጠ ትልልቅ ኮረት ነው፤ ብስክሌት ቢነዱበት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ለብስክሌት የሚሆነው የተለያየ መጠን ያለው ድብልቅ ነው፤ ትልቁ ድንጋይ ክብደቱን ይሸከማል፣ ደቃቁ ክፍተቱን ይሞላል፣ ከዚያ ውሃ እየተረጨ በሮለር ይጠቀጠቃል። እኛ አገር ሳይት ላይ ገረጋንቲ የምንለው ዓይነት ነው። መሃሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ይሄዳል።

ወደ አልካኚስ ስንመለስ፣ ቅድም ያልኩት ሐይቅ ኤስታንካ ይባላል። የተፈጥሮ ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ሰዎች ከጓዳሎፔ ወንዝ ውሃ በቦይ አምጥተው አሰፉትና ለመስኖ አዋሉት። በአቅራቢያው ደግሞ ጨዋማ ኩሬዎች አሉ። ውሃ ይገባባቸዋል፣ መውጫ ግን የላቸውም፤ ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ትተዋለች። በጋ ላይ ነጭ ሜዳ ይሆናሉ። ወይኑም የሚያድገው በዚሁ ደረቅ አገር ነው፤ ቴራ አልታ በነጭ ጋርናቻ ወይን ትታወቃለች። በ1920 አካባቢ የጋንዴሳና የፒኔል ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የወይን ጠጅ መጥመቂያ ሲያሠሩ፣ የነደፈላቸው የጋውዲ ተማሪ የነበረው ሴሳር ማርቲኔል ነው። ጡብን ቅስት እያደረገ ሰፊ አዳራሽ ሸፈነ፤ "የወይን ጠጅ ካቴድራል" እያሉ ይጠሯቸዋል። ባቡሩን ሲጠብቁ የሠሩት ይመስላል፤ ባቡሩ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከአልካኚስ በስተምሥራቅ በቫልዴአልጎርፋ መንደር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ፍጹም ቀጥ ያለ ዋሻ አለ፤ አቅጣጫው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ የማለዳ ፀሐይ በአንዱ አፍ ገብታ በሌላው ትወጣለች። የዋሻውን ስፋት 5 ሜትር ብለን ብንገምት፣ ከወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ለሚያይ ሰው መስኮቱ ከ0.15 ዲግሪ አይበልጥም። በዚያ ሰሞን የፀሐይ መውጫ በየቀኑ ወደ ግማሽ ዲግሪ ይንቀሳቀሳል፤ የፀሐይ ስፋትም ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያውም ደመና ከሌለ።