ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠር ምን ማለት ነው? የቤት ሠራተኞች እና የከፋላ ሥርዓት

እአአ በ2020 ሊባኖስ ውስጥ አንድ ግለሰብ ናይጄሪያዊት የቤት ሠራተኛን በፌስቡክ የመሸጫ ገጽ ላይ በ1 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ድርጊቱ ቁጣን ቀሰቀሰ፤ የአገሪቱ የጸጥታ ኃይሎችም ተጠርጣሪውን ያዙ። ይሁን እንጂ ሰው በዋጋ ተተምኖ ለገበያ እንዲቀርብ ያደረገው አስተሳሰብ የአንድ ግለሰብ ብቻ አልነበረም።

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግምት መሠረት በዓለም ዙሪያ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ። ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በባሕረ ሰላጤው አገራትና በሊባኖስ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

የፈላስፎቹ መለኪያ

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እአአ በ1785 ባሳተመው ሥራው፣ ሰውን ለራስ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መጠቀም ስህተት መሆኑን አስረድቷል። እዚህ ላይ ቁልፉ ቃል “ብቻ” የሚለው ነው። ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ በሰው ጉልበት ይጠቀማል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከጉልበቱ በስተጀርባ ያለው ሰው ሲረሳ ነው።

አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ማርታ ኑስባውም እአአ በ1995 ሰውን ወደ ዕቃነት የማውረድ ሰባት መገለጫዎችን ዘርዝራለች። እነሱም መሣሪያ ማድረግ፣ በራስ የመወሰን ነጻነትን መንፈግ፣ የራሱ እንቅስቃሴ እንደሌለው መቁጠር፣ በሌላ እንደሚለወጥ ማየት፣ ክብረ ገላውን ለመድፈር መብት ያለ መምሰል፣ እንደ ንብረት መያዝ እና ስሜቱን ከቁብ አለመቁጠር ናቸው።

ከፋላ እንዴት ይሠራል?

በከፋላ ሥርዓት የስደተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ካፊል ከሚባለው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ ከቤቱ የወጣች ሠራተኛ “ጠፍታለች” ተብላ ልትመዘገብ፣ ሕጋዊነቷን ልታጣና ልትታሰር ትችላለች። ስለዚህ ደመወዝ ሲከለከል ወይም ጥቃት ሲደርስ ሥራ መልቀቅ ራሱ ወንጀል የሚመስል ድርጊት ይሆናል።

ገንዘቡም የራሱ ሚና አለው። አሠሪው ሠራተኛዋን ለማስመጣት ለኤጀንሲ ከፍ ያለ ክፍያ በቅድሚያ ይከፍላል። በርካታ ኤጀንሲዎችም የዋስትና ጊዜ ይሰጣሉ፤ ሠራተኛዋ “ካልሆነች” በሌላ ትተካለች። ይህ አሠራር ለማቀዝቀዣ ወይም ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሚሰጥ ዋስትና ብዙም አይለይም። ከፍሎ ያስመጣ አሠሪ ሠራተኛዋን ቀጥሯት ሳለ የገዛት ያህል ሊሰማው ይችላል፤ ፓስፖርቷን መያዝም ንብረትን የመጠበቅ ያህል ይቀልለዋል።

ቋንቋም ይህንኑ ያሳያል። በሊባኖስ “ስሪላንካዊት” የሚለው ቃል ከየትም አገር የመጣችን የቤት ሠራተኛ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። ዜግነት የሥራ መጠሪያ ሲሆን የሰዋ ማንነት ይጠፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

እአአ በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓል። አገሪቱ በኢኮኖሚ ቀውስ በተመታችበት በ2020 በርካታ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዛቸው አልተከፈላቸውም ነበር።

ለውጦችም አሉ። ኩዌት በ2015 ባወጣችው ሕግ ለቤት ሠራተኞች ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ፈቅዳለች፤ የቀን ሥራንም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድባለች። ኳታር በ2020 የመውጫ ፈቃድን ለቤት ሠራተኞችም አስቀርታ፣ ያለ አሠሪ ይሁንታ ሥራ መቀየርን ፈቅዳለች። በአንጻሩ ሳዑዲ አረቢያ በመጋቢት 2021 ተግባራዊ ያደረገችው ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2011 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኞች በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓታት እንዲያርፉ፣ የጉዞና የማንነት ሰነዶቻቸውንም ራሳቸው እንዲይዙ ይደነግጋል።

በአገር ቤትስ?

ኢትዮጵያ እአአ በ2013 ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዳ በ2018 እገዳውን አንስታለች። የአገር ውስጥ የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል።

በመሆኑም ጥያቄው የባሕር ማዶ አሠሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መለኪያው በአዲስ አበባም ሆነ በሪያድ አንድ ነው፦ ሠራተኛዋ ዕረፍቷ የታወቀ ነው? ደመወዟ በእጇ ይገባል? ስልኳና ሰነዷ በእጇ ናቸው? “አይሆንም” ብላ ሥራዋን ብትለቅስ ምን ይደርስባታል? ከሁሉም ይልቅ የመጨረሻው ጥያቄ ሠራተኛን ከዕቃ ይለያል፤ ዕቃ ባለቤቱን ትቶ መሄድ አይችልምና።