ከአውራ ጎዳና የታየ ረሃብ፦ የወሎ ታሪክና የናሙና አድልዎ



በስታቲስቲክስ የቤት ሥራ ላይ ናሙና ተሰጥቷችሁ አማካይና መቶኛ ታሰላላችሁ። ናሙናው ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አትጠየቁም። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ጥያቄ ከስሌቱ ሁሉ እንደሚቀድም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ላሳያችሁ እሻለሁ።

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚያልፈው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። አርዲቦ ሐይቅ ግን ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከፍ ባለ ስፍራ ይገኛል። መንገደኛ ሐይቅን ሲያይ አርዲቦን ሳያይ ያልፋል። ስለ ረሃቡ ከተጻፈው ብዙው የመንገደኛ እይታ ነው። የተራቡት ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ፤ መጠለያዎችም በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች ተቋቋሙ። ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልምም በመጠለያ የተሰበሰቡትን ለዓለም አስተዋወቀ።

መጠለያው ናሙና ነው፤ በዕጣ የወጣ ናሙና ግን አይደለም። አድልዎውም ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይስባል። ወደዚያ የደረሰው ቤቱን የለቀቀ፣ የተዳከመና ለተላላፊ በሽታ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የመጠለያውን የሞት መጠን ለመላው ጠቅላይ ግዛት ማዋል ቁጥሩን ያጋንናል። በአንጻሩ ለመሄድ አቅም አጥቶ በቤቱ ወይም በጉዞ ላይ የሞተው በመጠለያ መዝገብ የለም፤ የተመዘገቡትን ብቻ መደመር ሙታንን ያሳንሳል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራም የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በረሃቡ ጊዜ የነዋሪው ብዛት ራሱ ግምት ነበር። የሟቾች ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 የተራራቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ የተማሪ ስሌት እንውሰድ። 1,000 ቤተሰቦች ባሉበት ወረዳ 200ው በመንገድ ዳር፣ 800ው ራቅ ብለው ይኖራሉ እንበል። ሰው የሞተባቸው ከመንገድ ዳሮቹ 10፣ ከሩቆቹ 160 ቢሆኑ እውነተኛው መጠን 17 በመቶ ነው። የመንገድ ዳሮቹን 200 ቤተሰቦች አንድ ሳናስቀር ብንጠይቅ የምናገኘው 5 በመቶ ነው። ከሁለቱም ወገን በየድርሻው፣ 20 እና 80፣ በዕጣ ብናወጣ ግን በ100 ቤተሰቦች ብቻ ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ብዛት አድልዎን አይፈውስም። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልሶች ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ፤ ሩዝቬልት ግን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ጥንቃቄው ታላላቅ ሥራዎችንም ይመለከታል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በደሴ የእህል ዋጋ እጅግ አለመናሩን ጠቅሶ፣ ወሎዬው የተራበው የመግዛት አቅም በማጣቱ ነው ሲል ተከራክሯል። ድምዳሜው ሊጸና ይችላል፤ ነገር ግን ደሴ የአውራ ጎዳና ገበያ ናት። የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ስላለ የገጠር ገበያ የእሷ ዋጋ ብቻውን ሊመሰክር አይችልም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ቁጥር ስታገኙ አስቀድማችሁ ማን ቆጠረው፣ የት ቆሞ ቆጠረው፣ ማንስ ሊደርስበት አልቻለም ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቆጠሩ የቀሩትን ስም ስታቲስቲክስ አይመልስልንም፤ መኖራቸውን እንዳንዘነጋ ግን ያስገድደናል።