እስስቱ ሰውዬና አጨብጫቢው ሕዝብ

ዘመኑ 1920ዎቹ፣ አገሩ አሜሪካ ነው። በአንድ የባለጸጎች ግብዣ ላይ አንድ ሰው እንደ ቦስተን ጌቶች እየተናገረ ፕሬዚዳንት ኩሊጅንና ሪፐብሊካን ፓርቲን ያወድሳል። ብዙም ሳይቆይ ያው ሰው ወጥ ቤት ይገባል፤ ከሠራተኞቹ ጋር በተራ ሰው አነጋገር ዴሞክራት ነኝ ይላል።

ይህ ሰው ሊዮናርድ ዘሊግ ይባላል። በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ግን የለም። ዉዲ አለን እ.ኤ.አ. በ1983 ለዕይታ ባበቃው «ዘሊግ» ፊልም የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው። ፊልሙ ግን የተሠራው በዘጋቢ ፊልም መልክ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ አሮጌ ሌንሶችን ተጠቀመ፤ ምስሉም ሆን ተብሎ እንዲጫጫር ተደረገ። ዘሊግም በጥንቱ የዜና ፊልም ውስጥ ከእነ ሂትለር ጋር ብቅ አለ። የኖቤል ተሸላሚው ሶል ቤሎውና ሱዛን ሶንታግ ራሳቸውን ሆነው ቀርበው፣ ስላልነበረ ሰው በቁም ነገር ይተነትናሉ።

ዘሊግ እስስት ነው። ከወፍራሞች ጋር ይወፍራል፤ ከሐኪሞች ጋር ሐኪም ነኝ ይላል። የሕመሙ መነሻ ግን ትንሽ ነገር ናት። «ሞቢ ዲክ»ን አንብቦ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ላለማፈር ሲል አንብቤአለሁ ብሎ ዋሸ።

ሕዝቡ በዘሊግ አበደ። ዘፈን ወጣለት፣ ጭፈራ ተሰየመለት፣ አሻንጉሊት ተሸጠበት። ቅሌቱ ሲሰማ ደግሞ ያው ሕዝብ ረገመው፤ እሱም ተሰወረ። ሐኪሙ ዶክተር ዩዶራ ፍሌቸር ፈልጋ ያገኘችው ጀርመን፣ ናዚዎች መሀል ነው።

ቀልዱ የሚመርረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ አንድ መፈክር የሚያሰማበት ሰልፍ፣ መለየትን ለሚፈራ ሰው ከሁሉ የሚመች መደበቂያ ነው። በግብዣ ላይ የምታስቀው ጠባይ አደባባይ ስትወጣ ለአምባገነን ጭብጨባ ትሆናለች።

በመጨረሻ ዘሊግ ከዶክተሯ ጋር በአውሮፕላን ያመልጣል። በረራ ተምሮ የማያውቀው ሰው አብራሪ መስሎ፣ አውሮፕላኑን ገልብጦ እያበረረ አትላንቲክን ያቋርጣል። የረገመው ሕዝብም በታላቅ ሰልፍ ይቀበለዋል።

ታዲያ እስስቱ ማን ነው? ዘሊግ ቀለሙን ቀየረ ተብሎ ሆስፒታል ገባ። በአንድ ሰው ላይ ወዶ፣ ጠልቶ፣ ዳግም የወደደውን ሕዝብ ግን የመረመረው ሐኪም የለም።